ኒጂንስኪን ዳንስ አላሳበደውም

በዓመት ሁለት ሦስቴ አንዱ ተማሪዬ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ቪዲዮው ሁሌም ያው ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ከሥር የሚያላዝን ቫዮሊን፣ ከላይ «ለጥበብ የተሠዉ» የሚል ጽሑፍ። አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ኢሳዶራ ደንከን በሻርፗ ታንቃ ሞተች። ሩሲያዊው ዳንሰኛ ቫስላቭ ኒጂንስኪ አበደ። ጀርመናዊቷ ዳንሰኛ አኒታ በርበር በ29 ዓመቷ ተቀጨች። «ቲቸር፣ ጥበብ እኮ መሥዋዕት ትፈልጋለች» ይለኛል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ኮንቴምፖራሪ ዳንስ የማስተምር ሰው ነኝ። ይህን ንግግር ጠግቤዋለሁ። የሚባለውን እየጠቀስኩ አንዴ መልሱን ልጻፈውና ይውጣልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኢሳዶራን ጥበቧ ገደላት።» የገደላት መኪና ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1927፣ ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ። ረጅም የሐር ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ክፍት መኪና ውስጥ ገባች። መኪናው ሲነሳ የሻርፑ ጫፍ የኋላው ጎማ ላይ ተጠመጠመ። 50 ዓመቷ ነበር። (መኪናው ቡጋቲ ነው ብለው የሚከራከሩም አሉ። አሚልካር ነው። አለፍን።) የልጆቿም ሞት ከመድረክ ጋር አይገናኝም። አፕሪል 1913 ፓሪስ ውስጥ የተሳፈሩበት መኪና ሞተሩ ጠፋ፤ ሾፌሩ በእጅ ሊያስነሳው ወረደ፤ መኪናው ተንከባሎ ሴን ወንዝ ውስጥ ገባ። የ6 ዓመቷ ዴርድሬና ሦስት ዓመት ያልሞላው ፓትሪክ ከሞግዚታቸው ጋር ሰጠሙ። እናት ናት፤ ሐዘኗ የእናት ሐዘን ነው። «የጥበብ ዋጋ» እያላችሁ አታሳምሩት።

«ኢሳዶራ ዝም ብላ በስሜት ነው የምትወዛወዘው።» ይህቺ ደግሞ የሰነፍ ተማሪ መጽናኛ ናት። ባዶ እግሯን ስለጨፈረች ልምምድ የላትም ማለት ነው? እንቅስቃሴ ከየት እንደሚነሳ ፍለጋ ብዙ ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ቆማ፣ ደረቷ መሐል ላይ አተኩራ ትውል ነበር። በ1904 በርሊን አጠገብ፣ በ1921 ሞስኮ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍታለች። ጭፈራዎቿ ከተማሪ ወደ ተማሪ ተላልፈው ዛሬም ይሠራሉ። ዝም ብሎ መወዛወዝ መቶ ዓመት አይተላለፍም።

«አኒታ በርበርን ኮኬይን ገደላት።» ሱሱ እውነት ነው። የሞተችው ግን በሳንባ ነቀርሳ ነው፤ 1928፣ በርሊን። በዚያን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረም። ልብስ ሰፊውንም ጸሐፊውንም እንዲሁ ይገድል ነበር።

«ኒጂንስኪ ዘሎ አየር ላይ ይቆም ነበር።» አይቆምም። ፎቶው ላይ ጭኑን እዩት፤ የዘለለው በጡንቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ኒጂንስኪ በዳንስ አበደ።» ይህቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሜይ 29 ቀን 1913 ፓሪስ ውስጥ «የጸደይ ሥርዓት» የተባለው ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። እግር ወደ ውስጥ የዞረበት፣ መሬት የሚደቃበት፣ ባሌ (የአውሮፓ ክላሲካል ዳንስ) የለመደ ዓይን የማይቀበለው ዳንስ ነው። ተመልካቹ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ አፏጨ። ዳንሰኞቹ ኦርኬስትራውን መስማት አቃታቸው። ኒጂንስኪ ምን አደረገ? መጋረጃው ጥግ ወንበር ላይ ወጥቶ በሩሲያኛ የእርምጃውን ቆጠራ እየጮኸ ነገራቸው። ይህን ሥዕል ያዙልኝ። ቤቱ እየተናወጠ፣ አንድ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ይቆጥራል። እብደት አይደለም፤ የኔ ሥራ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ እኔም የማደርገው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ እኔን የሚሰድበኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ቦነስ አይረስ ውስጥ አገባ። የሚጨፍርበት የዳንስ ቡድን አለቃ ዲያጊሌቭ ይህን ሲሰማ በቴሌግራም አባረረው። ቀጥሎ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ኒጂንስኪ የሩሲያ ዜጋ በመሆኑ ቡዳፔስት ውስጥ በቁም እስር ያዙት። ጃንዋሪ 19 ቀን 1919 ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ሞሪትስ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ ፊት ጨፈረ። መጀመሪያ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ተመልካቹን ዝም ብሎ አየ። ከዚያ በጨርቅ መሬቱ ላይ መስቀል ሠርቶ፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ዙሪክ ላይ ኦይገን ብሎይለር መረመረው፤ «ስኪዞፍሬንያ» የሚለውን ስም ለዚህ የአእምሮ ሕመም ያወጣው ሐኪም ራሱ ነው።

ቪዲዮው እዚህ ላይ ቫዮሊኑን ከፍ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ስለ እህቱ እጠይቃለሁ። ብሮኒስላቫ ኒጂንስካ እዚያው ቤት ተወለደች፤ እዚያው ሴንት ፒተርስበርግ ትምህርት ቤት ተማረች፤ እዚያው ቡድን ውስጥ ጨፈረች። በ1923 «ሠርጉ» የተባለውን ሥራ ሠራች፤ ከወንድሟ ሥራ እኩል የሚነገርለት ነው። 81 ዓመት ኖረች። ዳንስ የሚያሳብድ ቢሆን ኖሮ እሷስ? ስሟን ሰምተው የሚያውቁ ተማሪዎች እጃችሁን አውጡ ስል አንድም እጅ አይወጣም። ስላላበደች ቪዲዮ አልተሠራላትማ!

ደግሞም ሕመሙ ለጥበቡ የሰጠው ነገር የለም። ኒጂንስኪ ለመድረክ የሠራቸው ዳንሶች አራት ናቸው፤ አራቱም ከ1912 እስከ 1916። ከ1919 በኋላ 31 ዓመት ኖሯል፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወረ። በእነዚያ ዓመታት ለመድረክ የሠራው አንድም ሥራ የለም። በ1950 ለንደን ውስጥ ሞተ። ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፓሪስ ውስጥ በሕመምተኞች ላይ የተሞከረው በ1952 ነው። ሁለት ዓመት ዘገየ። ማልቀስ የፈለገ ለዚህ ያልቅስ።

«ደፋር ዳንሰኛ በወጣትነቱ ነው የሚሞተው።» አሜሪካውያኑ ዳንሰኞች ማርታ ግራም 96፣ መርስ ከኒንግሃም 90፣ ጃፓናዊው ካዙኦ ኦኖ 103 ዓመት። ኦኖ ስሙን ያስጠራውን ሥራ መድረክ ላይ ያወጣው በ71 ዓመቱ ነው። መቆም ሲያቅተው ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ ብቻ ጨፍሯል። «ግራም ግን ጠጪ ነበረች» ትሉኛላችሁ። ነበረች። መጠጡ የበረታባት ከመድረክ በወረደችበት ሰሞን ነው። እንደገና አዳዲስ ሥራ መሥራት የጀመረችው ደግሞ መጠጡን ካቆመች በኋላ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለታሪክ ብዬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪዬ ትርኢት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዝላይ ስታርፍ ጉልበቷ «ቋ» አለ። ለማንም አልተናገረችም። ወጌሻ ዘንድ ሄዳ ታሸች፣ በፋሻ ጠቀለለችው፣ በሱሪ ሸፈነችው። ማስታገሻ እየዋጠች ተለማመደች። ሳይባት ጉልበቷ ዳቦ አክሏል። «መድረክ ላይ ብሞት ይሻለኛል» አለችኝ። ስልኳ ላይ ያቺው ቪዲዮ ነበረች። አልሞተችም፤ ጅማቷ ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምናና ከአንድ ዓመት በላይ ማገገም። ወጪውን እናቷ ከዕቁብ ነው ያወጡት።

ስለዚህ ስሙኝ። ጉልበታችሁ ድምፅ አሰምቶ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ዳንሱ በዚያው ያበቃል። በረዶ በጨርቅ አድርጋችሁ ያዙበት፣ እግራችሁን ከፍ አድርጉ፣ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አታሳሹት። ሳትሞቁ አትዝለሉ። ቁርስ ሳትበሉ አትምጡ፤ ባዶ ሆድ የጥበብ ምልክት አይደለም። እንቅልፍ ከጠፋባችሁ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማችሁ ለሰው ንገሩ። እናንተ መድኃኒቱ ባለበት ዘመን ነው የተወለዳችሁት። የክፍያ ስምምነትም በጽሑፍ ይሁን፤ «ለፍቅር ነው የምንሠራው» የሚላችሁ አዘጋጅ ለአዳራሹ ከፍሏል፣ ለመብራቱ ከፍሏል።

ሐሙስ 11 ሰዓት ክፍል አለን። ጉልበቱ ያበጠ ሰው ካለ አይደብቀኝ፤ ይምጣና ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይቁጠርልን።