የሚያንቀሳቅስ ፓርክ ምንድን ነው?

«ለጤናዎ ስፖርት ይሥሩ» የሚል ሰሌዳ መትከል ቀላል ነው። ሰሌዳ አንብቦ የሮጠ ሰው ግን እኔ አላየሁም። ሰውን የሚያስነሳው የቦታው አሠራር ነው፦ መንገዱ የት ያደርሳል? ወንበሩ ወዴት ዞሯል? ሲመሽ ይታያል ወይ? የሚያንቀሳቅስ ፓርክ የሚባለው ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራው ነው። ስፖርት አስቦ ያልመጣው ሰው እንኳ ሳይታወቀው ብዙ ተራምዶ ይወጣል።

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ መዞሪያ መንገድን እመርጣለሁ። ፓርኩን አዙሮ መነሻችሁ ላይ የሚመልሳችሁ የእግር መንገድ ማለት ነው። ተራ ነገር ይመስላል። ግን መሃል ላይ የሚቋረጥ መንገድ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ያስቆማችኋል። ከቆማችሁ ደግሞ ወደ ቤት ነው። መዞሪያ ላይ ማለቂያ የለም፤ «እስቲ አንድ ዙር ልጨምር» ነው ያለው። የዙሩ ርዝመት በሜትር ከተጻፈማ መቁጠሩ ራሱ ጨዋታ ይሆናል። የአሜሪካ የሰፈር ፓርኮችን ያነጻጸረ አንድ ጥናት መዞሪያ ያላቸው ከሌላቸው 80 በመቶ የበለጠ ተጠቃሚ እንዳላቸው አግኝቷል። (ሰው የመጣው መዞሪያ ስላለ ነው ወይስ መዞሪያው የተሠራው ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ ነው? ማነጻጸር ብቻውን ይህን አይመልስም።)

አሁን የልጆች መጫወቻውን እዩ። ልጁ ሸርተቴው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይሮጣል። እናቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ስንፍና አይደለም። የእግር መንገዱ ከዛፎቹ ጀርባ ስለሆነ ልጇን ትታ መሄድ አትችልም። ያው መንገድ መጫወቻውን እንዲዞር ቢደረግ ልጇን እያየች ዎክ ታደርግ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ልጁ ሲጫወት ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብላ ብትራመድ በአምስት ቀን ሞላላት።

ወንበር ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋዊ በየርቀቱ ማረፊያ ከሌለ መንገዱ የለም ማለት ነው።

ሜዳ መሥራትም ብቻውን አይበቃም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቪየና ውስጥ የተደረገ ጥናት ሴት ልጆች 9 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከፓርክ እየጠፉ፣ ወንዶቹ ግን መምጣታቸውን እየቀጠሉ መሆኑን አሳየ። አንዱ ችግር በሽቦ የታጠረው የኳስ ሜዳ ነበር። በሩ ጠባብ ነው፤ ወንዶቹ ቀድመው ከያዙት ታግሎ የሚገባ የለም። ከተማው ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለት ፓርኮችን እንደገና አስነደፈ። መግቢያዎቹን አሰፉ፣ ሰፊውን ሜዳ ከፋፈሉ፣ የመረብ ኳስና የባድሜንተን ቦታ ጨመሩ። ሴት ልጆቹ ማንም ሳይሰብካቸው ተመለሱ።

መብራትና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ያልጠቀስኩት ግልጽ ስለሆነ ነው። እነሱ ከሌሉ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት የብረት ስፖርት መሣሪያም አለ። ጥላ በሌለበት ከተተከለ ቀትር ላይ እጅ ያቃጥላል። መዞሪያው ዳር ጥላ ሥር ከሆነ፣ የሚራመደው ሰው ቆም ብሎ ይሞክረዋል። ጥግ ላይ ከተጣለ ግን ጃኬት መስቀያ ሆኖ ይቀራል።