ኦፒሊዮን ምንድን ነው? (ሸረሪት አይደለም፣ ከዛ እንጀምር)

ሰሞኑን ያ ነገር ደግሞ ዞሮ መጣ፣ "የአለማችን አንደኛ መርዛም ሸረሪት ይሄ ነው፣ ጥርሱ ስለሚያጥር ግን የሰው ቆዳ አይበሳም" የሚለው፣ ፎቶው ደግሞ የኦፒሊዮን፣ ማለትም የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ የሆነ ባለ ስምንት እግር ትንሽ ፍጥረት። አንዱ ወንድማችን ይባስ ብሎ "አንድ ጠብታው ፈረስ ይገላል" ብሎ ጨመረበት። ኧረ የምን ጠብታ! መርዝ የሚያመነጭ እጢ የለውም እኮ። ትንሽ አለው፣ ደካማ ነው ምናምን አይደለም፣ ጭራሽ የለውም። ድር የሚሰራበትም የለውም። ስምንት እግር ስላለው ሸረሪት ነው ካልክማ ጊንጥና መዥገርም ሸረሪት ሊሆኑ ነው።

በምግብ ላስረዳ። ሸረሪት አጥሚት ጠጪ ነው፣ ያደነውን በመርፌ መሳይ ጥርሱ ይወጋል፣ ፈሳሽ ተፍቶበት ያቀልጠዋል፣ ከዛ ይመጠዋል (አንዳንዱ መጀመሪያ ያደቀዋል፣ አውቃለሁ፣ የሚወርደው ግን ፈሳሹ ነው)። ኦፒሊዮን ደግሞ ቆሎ ቆርጣሚ ነው። አፉ ጋ እንደ ሸርጣን ሁለት ትንንሽ ጉጠቶች አሉት፣ የሞተ ዝንብ በለው እንጉዳይ በለው የወደቀ ፍራፍሬ፣ እየቆነጠረ ጠጣሩን ይውጣል። ለቆሎ መርፌ ምን ይሰራል? እንደውም ቆሎ ውስጥ ጠጠር እንደማይጠፋው ከምግቡ ጋር ጥገኛ ተህዋስያንም አብሮ ይውጣል፣ አንጀቱን ከፍተን ስናይ ግሬጋሪን የሚባሉትን ስንቴ አግኝተናል።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከእንግሊዝኛው ነው፣ ዳዲ ሎንግሌግስ ሲሉ ይሄንንም ያንንም ይጠሩበታል። ሽንት ቤት ጥግ ድሩ ላይ ተገልብጦ የሚንጠለጠለው፣ ስትነኩት የሚንቀጠቀጠው፣ እሱ ፎልሲድ የሚባል የምር ሸረሪት ነው፣ መርዝም አለው፣ ለሰው ግን አያሰጋም። ወገቡን እዩ። ሸረሪት ወገቡ ቅጥን ያለ ነው፣ ኦፒሊዮን ወገብ የለውም፣ አንድ ፍሬ ሽምብራ ላይ እግር የተተከለበት ነው የሚመስለው፣ ሁለት አይኖቹም ጀርባው ላይ ካለች ጉብታ ግራና ቀኝ ያያሉ። እግሩ ላይ ግን አትመኑ፣ ከ6,500 በላይ ዝርያ አለው፣ ብዙው አጭር እግር ነው።

ታድያ ያለ መርዝ እንዴት ይኖራል? ይገማል፣ ትከሻው አካባቢ ካሉ እጢዎች ፈሳሽ ይለቃል። ካልሆነም እግሩን ጥሎ ይሄዳል። ሸረሪት የጠፋ እግሩ ቆዳ ሲቀይር ሊበቅልለት ይችላል፣ የዚህ ግን ላይመለስ ሄደ ማለት ነው፣ ስለዚህ ባለ ስድስት እግር አይታችሁ "ነፍሳት ነው" እንዳትሉ። በተለይ ሁለተኛው ጥንድ ከሄደ ጉዱ ፈላ፣ በሱ ነው እንደ አይነ ስውር ዘንግ መንገዱን እየዳበሰ የሚሄደው። በዚህ ኑሮው ነው እንግዲህ ከዳይኖሰር በፊት ጀምሮ ያለው፣ ስኮትላንድ ራይኒ የተገኘው ቅሪተ አካል 410 ሚሊዮን አመት ገደማ ነው፣ የወንዱ ብልት ሳይቀር ድንጋዩ ውስጥ ይታያል። ሸረሪት እንደዛ አይነት ብልት የለውም፣ ይሄንንም መዝግቡልኝ።

መናገሻ ጫካ የበሰበሰ ግንድ ሳገላብጥ አንዱን በእግሩ ያዝኩት። እግሩ ጣቴ መሀል ቀረ፣ ለብቻው ይፈራገጣል፣ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ባለቤቱ በሰባቱ ሄደ። ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ቆመና የቀሩትን እግሮች በየተራ በጉጠቱ መሀል እየሳበ፣ ከላይ እስከ ጫፍ፣ ያጸዳቸው ጀመር።