«አስነስተው ትንሽ ቢያሞቁት ኖሮ» አትበሉኝ

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነኝ። ሙያዬን የተማርኩት ግን ድሬዳዋ፣ ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ወደ አገሬ ከተመለስኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አሁን እጄ ላይ የሚገባው አይሱዙና ጄኔሬተር ነው።

ድሬዳዋ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ ግን ጋራዥ ይመጣና ስልኩን ያሳየኛል። እዚያ የቆሙትን አሮጌ የናፍጣ ባቡሮች ፎቶ አንስቷል። ከዚያ ያቺ አባባል ትመጣለች። «ጋሼ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአሥር ደቂቃ አስነስተው ቢያሞቋቸው እኮ አይበላሹም ነበር!»

ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ልጻፈው። መጀመሪያ ግን ስለነዚህ ባቡሮች የምሰማቸውን ሌሎች ትንንሽ የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

«ቅርስ የሚባለው የእንፋሎቱ ባቡር ነው፤ የናፍጣው ምኑ ቅርስ ነው?»

የሃዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917። የናፍጣ ባቡሮቹ የመጡት በ1950ዎቹ ሲሆን፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪቆም ድረስ ጎትተዋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ማለት ነው። ወላጆቻችሁ «በሸማንደፈር ሄድን» ሲሏችሁ የተሳፈሩት በአብዛኛው በናፍጣው ነው። ይህ ቅርስ ካልሆነ ሌላ ምን ይሁን?

«ትልቅ አይሱዙ ማለት ነው»

አይደለም። የፈረንሳዩ ፋብሪካ አልስቶም የሠራቸውን ባቡሮች ውሰዱ። የናፍጣ ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ አክሰሎቹ ላይ የተገጠሙትን ሞተሮች ያዞራል። ካምቢዮ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። ባቡሩ የራሱን መብራት ኃይል ተሸክሞ ይሄዳል ብትሉ ልክ ናችሁ።

ይህን ማወቅ ለጥበቃውም ይጠቅማል። ለዓመታት የቆመ የኤሌክትሪክ ሞተር ጥቅልሉ እርጥበት ይጠጣል። ሳይለካና ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ የተለቀቀበት ቀን ይቃጠላል። የናፍጣ ሞተሩን ብቻ የሚያይ መካኒክ የባቡሩን ግማሽ አላየውም። ደግሞ ሌባው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ያንን የመዳብ ጥቅልል ነው። ጥበቃ ከቀለም ይቀድማል።

«በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ማስነሳት ይበቃል»

አሁን ወደ ዋናው መጣን። እዚህ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የአይሱዙ ሹፌሮች ሞተር አስነስተው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ፣ ማለት በዝቅተኛው ዙር፣ ይንዶቆዶቃል። እነሱ እየሞቀ ይመስላቸዋል። ሞተሩ ግን ውስጡ እየራሰ ነው።

ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አዎ፣ አንድ ሊትር። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ እንፋሎቱ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይሄዳል። ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ከፊሉ ድስት ክዳን ላይ እንደሚያዩት ላብ ሆኖ ይቀራል። ወደ ዘይቱም ይወርዳል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ሲሊንደር ናፍጣውን በደንብ አያነደውም። ያልነደደው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ይወርዳል። ናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ከውኃው ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ኩሽኔታ (የሚዞረው ዘንግ የሚያርፍበትን ብረት) ይበላል።

ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ውኃውም፣ አሲዱም፣ ያልነደደው ናፍጣም ውስጡ እንዳሉ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይቆያሉ። አሥር ደቂቃዋ ጠቅማ ሳይሆን ጎድታው ሄደች ማለት ነው።

የባቡር ሞተር ደግሞ ከአይሱዙው እጅግ ይበልጣል። ያ ሁሉ ብረት በሚኒሞ በአሥር ደቂቃ አይሞቅም። የሚሞቀው ሲጎትት ነው። ስለዚህ ወይ በደንብ አሠሩት፣ ወይ አትንኩት። በደንብ ማሠራት ማለት ፉርጎ አስይዞ፣ የማቀዝቀዣው ውኃ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ከደረሰም በኋላ ቆየት ብሎ ማስጎተት ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ድርጅት ትልቅ ጄኔሬተር ነበረው። መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል የተቀመጠ ነው። ዘበኛው እሑድ እሑድ ለአምስት ደቂቃ እንዲያስነሳው ታዟል። ሰውየው ታማኝ ስለሆነ አንድም እሑድ አላጎደለም። ክረምት ላይ ግን ፈቃድ ወጣ። የጭስ ማውጫው አፍ ወደ ሰማይ የተከፈተ ነበር፤ የነሐሴ ዝናብ ሲገባበት ከረመ። ዘበኛው ሲመለስ እንደ ልማዱ ቁልፉን አዞረ። አንድ ጊዜ «ጓ!» አለና ቀጥ።

ተጠርቼ ሄድኩ። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳብኩት። ዘይቱ ጥቁር መሆን ሲገባው ማኪያቶ መስሏል። ጣቴ ላይ አሸሁት፤ አረፋ አለው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ያ የእሑዶቹ ሥራ ነው። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ስናወርድ ደግሞ አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ውኃ አገኘን። አየር ይታመቃል፤ ውኃ ግን አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ውኃው አልበገር አለውና ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጎበጠ። ቢዬላው እስካሁን ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «አሥር ደቂቃ» ለሚለኝ ሰው እሱን አሳየዋለሁ።

ድሬዳዋ ያስተማሩኝ አሮጌው ዋና መካኒክ ቆሞ የከረመ ሞተር ዝም ተብሎ ሲነሳ ካዩ ይቆጡ ነበር። «መጀመሪያ ይተንፍስ!» ይሉናል። የየሲሊንደሩን መተንፈሻ እንከፍታለን። ዘይት በእጅ ፓምፕ ወደ ኩሽኔታዎቹ እንልካለን። ከዚያ ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ቀዳዳ ውስጥ ብረት አስገብተን ሞተሩን በጉልበት፣ ቀስ ብለን፣ ሁለት ሦስት ዙር እናዞረዋለን። ከመተንፈሻው ውኃ ወይም ናፍጣ ከተፋ ቁልፍ የሚባል አይነካም። የማይነሳ ባቡርም ቢሆን በወር አንዴ እንዲህ ቢዞር ዘይቱ ይዳረሳል፤ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍትም ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተኝቶ አይከርምም። ነዳጅ አይፈጅም፣ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ማንም ፎቶ የማያነሳው።

የማቀዝቀዣው ውኃ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ ወይ ዝገት መከላከያ ይጨመርበት። የናፍጣ ታንከሩ ወይ ሙሉ ይሁን ወይ ባዶና ደረቅ። ግማሽ የሆነ ታንከር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ያልበዋል፤ ውኃው ከናፍጣው ሥር ይጠራቀማል። ባትሪው ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ።

«ቀለም ተቀብቶ ታድሷል»

ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም። መጀመሪያ ይፋቅ።

«ሸራ አልብሰነዋል፣ ችግር የለም»

መሬት ድረስ የተጠቀለለ ፕላስቲክ ሸራ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ብረት የሚፈልገው ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዝናቡን ይከልክል፣ ነፋሱን ያሳልፍ።

«መለዋወጫው ከፈረንሳይ ካልመጣ አለቀለት»

የድሬዳዋ ወርክሾፕ ለብዙ ዓመታት ዕቃውን በራሱ ማሽን እየቀረጸ ነው ባቡር ያንቀሳቀሰው። እኔ ራሴ ቶርኖ የተማርኩት እዚያ ነው። የሚያልቀው የባለሙያው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ጡረተኞቹ ሳሉ ጠይቋቸው፣ ጻፉት፣ በቪዲዮ ቅረጹት።

«ታዲያ በእኛ በሸዋ ሮቢት በኩል በተሠራው ሃዲድ ለምን አያመጧቸውም?»

ይህን የጠየቀኝ የእህቴ ልጅ ነው። ጥያቄው ደስ ይላል፤ ግን አይሆንም። የአሮጌው መስመር ሃዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊሜትር ነው። የአዲሱ 1,435። አሮጌው ባቡር እዚያ ላይ ቢጫን ጎማው ሃዲዱን አያገኘውም። የሚሄደው አሮጌው ሃዲድ ባለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ይጠበቅ ስንል ጥቂት ኪሎ ሜትር ሃዲድም አብሮ ይጠበቅ ማለታችን ነው። ሃዲዱ ተነቅሎ ከተሸጠ ባቡሩ ምን ላይ ይሂድ?

ድሬዳዋ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ልለምናችሁ። ከባቡሩ ፊት ቆማችሁ የምትነሱት ፎቶ ይቅርብኝ። ፈቃድ ጠይቁና ጣሪያው የሚታይበት ቦታ ፈልጉ። የጭስ ማውጫውን አፍ አንሱልኝ። ክፍት ከሆነ እዚያው ላለው ሰው ንገሩት፤ አንድ ባዶ የወተት ጣሳ ይድፋበት።