«አንዲት ጨረባ ፀደይን አታመጣም» ማሸማቀቂያ አይደለም

ሰሞኑን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ መንገድ ላይ የወደቀ ቦርሳ አግኝቶ ለባለቤቷ መለሰ። እናቱ ደስ ብሏት ስታወራ፣ አንድ ጎረቤታችን «ተይ እንጂ፣ አንዲት ጨረባ ፀደይን አታመጣም» አሏት። ልጁ ቆሞ ይሰማል። አንገቱን ደፋ። እኔም ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ።

አባባሉ የግሪኮች ነው። ትርጉሙ አይጠፋችሁም፣ አንድ ምልክት ብቻ አይበቃም ነው፤ እኔ የምወደው ግን ወፏን ነው። ጨረባ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ከጣሪያ ሥር በጭቃ ጎጆዋን የምትለስን ትንሽ ወፍ ናት። አውሮፓ ሲበርድ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች፤ በእኛ በጋ እዚህም ትታያለች። ግሪክ የምትመለሰው ብርዱ ሲለቅ ነው። ለዚያ አገር ገበሬ የቀን መቁጠሪያው እሷ ነበረች። ገጣሚው ሄሲዮድ፣ አባባሉን ከተጠቀመው ከፈላስፋው አርስቶትል 300 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ ጨረባ ሳትመጣ ወይንህን ግረዝ ብሎ መክሯል። እውነቱን ነው። ውሃ መሳብ ከጀመረ በኋላ የተቆረጠ ወይን ከቁስሉ ጠብ ጠብ እያለ ያነባል።

ሮድስ ደሴት ላይ ደግሞ ልጆች የጨረባን መምጣት እየዘፈኑ በየደጁ ይዞሩ ነበር። ሆዷ ነጭ፣ ጀርባዋ ጥቁር እያሉ ያወድሷታል። ከባለቤቱ የበለስ ጥፍጥፍ፣ ወይን ጠጅና አይብ ይጠይቃሉ። ካልሰጠኸን በሩን ነቅለን፣ ሚስትህንም ተሸክመን እንሄዳለን ይላሉ፤ ትንሽ ስለሆነች አትከብደንም! ይህን ሳነብ የቡሄ ዱላዬ ትዝ አለኝ። ሆያ ሆዬ እያልን ደጁን ስንደበድብ፣ ሙልሙሉ እስኪወጣ ንቅንቅ አንልም ነበር።

የጥንቱ ግሪካዊ ተረተኛ የኤዞጵ ነው በሚባለው ተረት ውስጥ ያለው ወጣት ግን ተቻኮለ። የወረሰውን ሁሉ አጥፍቶ ካባው ብቻ ቀርቶታል። አንዲት ጨረባ አየና በጋ መጣ ብሎ ካባውን ሸጠ። ብርዱ ተመለሰ። ወፏን ደርቃ አገኛት፤ እሱም ይንቀጠቀጣል።

አባባሉ ከዚህ ካባ የተወለደ ይመስለኛል። አርስቶፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ414 ለመድረክ ባበቃው «ወፎች» በተሰኘ ተውኔቱ፣ ያረጀ ካባ የለበሰ ሰው ሲመጣ፣ ለዚህስ ጥቂት ጨረባ አይበቃውም ይባልበታል። አርስቶትል ገና አልተወለደም፤ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ነው። ያውም በሰሜን ግሪክ፣ በስታጊራ ከተማ። እዚያ ክረምቱ ይበረታል። ልጅ ሆኖ ካባውን ሊጥል ሲል አንዱ ሽማግሌ «ቆይ ልጄ» ብለውት ይሆናል እላለሁ። ማስረጃ አትጠይቁኝ፤ ልቤ ግን እዚያ ነው።

አርስቶትል አባባሉን የተጠቀመው «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ነው። ሰው የተባረከ የሚባለው ነፍሱ በበጎነት ስትሠራ፣ ያውም ዕድሜ ልኳን ስትሠራ ነው ይላል። አንዲት ጨረባ ወይም አንድ ቀን ፀደይን እንደማያመጣ፣ አንድ ቀንም ሰውን ደስተኛ አያደርገውም። ቀጥሎ በሁለተኛው ክፍል በጎነት ከየት እንደሚመጣ ያስረዳል። ቤት በመሥራት ግንበኛ፣ ክራር በመምታት ክራር መቺ፣ ፍትሕ በማድረግም ፍትሐዊ እንሆናለን። ደጋግመን በማድረግ ነው እንጂ አብሮን ስለተወለደ አይደለም።

እንግዲህ ቦርሳ የመለሰ ልጅ ምን በደለ? አንድ ብሎ ጀመረ። ለእሱ የሚባለው «ነገም እንዲሁ» ነው። አባባሉን የመጀመሪያዋን ወፍ ለመምቻ የምናነሳ ሰዎች፣ እባካችሁ እንተወው።

ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው ኤርሚታዥ ሙዚየም 2500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሸክላ ማሰሮ አለ። ሦስት ሰዎች ተስለውበታል፣ ንግግራቸውም ከአጠገባቸው ተጽፏል። ጎረምሳው «ጨረባ፣ እይ!» ይላል። ጺማሙ ሰውዬ ዞሮ «በሄራክሊስ፣ እውነት!» ብሎ በጀግናቸው ስም ይምላል። ትንሹ ልጅ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ያቻትና!» ይላል። ከላያቸው የምትበረው አንዲት ጨረባ ብቻ ናት።