የአንጎል ደም መልስ ሥር መርጋት፦ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

ስትሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ደሙን ከአንጎል ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ውስጥ ደም ይረጋል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን ነው፤ እርግዝና፣ አራስነት፣ ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ እንክብል፣ የጆሮ ኢንፌክሽንና የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ያጋልጣሉ። ደሴ ውስጥ አንዲት አራስ ራሷን ሲፈልጣት መጀመሪያ የሚባለው «ምች ነው» ነው፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ቡናዋ ላይ ጠብ ይደረግላታል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም እንደሚጥል ሕመም ካንቀጠቀጣት ግን ሆስፒታል ነው፣ ያውም ዛሬውኑ።

ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ሰው ይድናል። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ 624 ታማሚዎችን በተከታተለ ጥናት 79 በመቶው ምንም ሳይቀርባቸው ወይም ቀላል ምልክት ብቻ ቀርቶባቸው አገግመዋል። 8 በመቶ ገደማ ሞተዋል።

ግን «ድናለች» ማለት እንደ ድሮዋ ሆነች ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ድካም፣ መርሳት፣ ሆድ መባስ ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። ለሚያያት ደህና ናት። ጀበናውን ጥዳ ትረሳዋለች፤ በረካ ሳይደርስ ጋደም ማለት ያምራታል። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅላት ግማሽ ሸክሟ ይቀላል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙ ሳይፈቅድለት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ መኪና መንዳት የለበትም።

መድኃኒቱ ሄፓሪን በሚባል የደም ማቅጠኛ መርፌ ይጀምርና ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ወር በሚዋጥ ደም ማቅጠኛ ይቀጥላል። ተሻለኝ ብሎ ማቆም ትልቁ ስህተት ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን የሚዋጥ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ደሙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚለካው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ለክትትል መመላለስ ቢያሰለችም ቀጠሮው አይዘለልም። ጎመንም ክልክል አይደለም፣ ሳይበሉ ከርሞ በጾም ድንገት ማብዛት ነው ችግሩ፣ የመድኃኒቱን ጉልበት ያዳክመዋል። ለራስ ምታቱ ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ገዝቶ ከደም ማቅጠኛው ጋር መዋጥ ደግሞ ደም ሊያስፈስስ ይችላል።

«ከእንግዲህ መውለድ ቀረብኝ?» የምትል ብዙ ናት። አልቀረም። ዋርፋሪን ፅንስ ስለሚጎዳ ግን ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ በእርግዝናዋ ጊዜ በሄፓሪን መርፌ ሊተካላት ይችላል። ኢስትሮጅን ያለውን እንክብል ትተወው። ዋርፋሪን እየወሰዱ ማጥባት ግን ይቻላል።