«ማች» ላይ አንደኛ ማንን ልጻፍ?
ባለፈው ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ አሜሪካ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) የሆነው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ለልብ ሕክምና ፌሎሺፕ፣ ማለትም ከሬዚደንትነት ቀጥሎ ላለው ሥልጠና፣ አመልክቶ ሦስት ሆስፒታሎች ቃለ መጠይቅ አድርገውለታል። ቀጣዩ «ማች» ነው፦ ሐኪሞቹም ሆስፒታሎቹም ምርጫቸውን በቅደም ተከተል ይጽፋሉ፣ ኮምፒውተር ያገናኛቸዋል። «አንደኛ የምፈልገውን ልጻፍ ወይስ ይቀበሉኛል የምለውን?» አለኝ።

የምትፈልገውን!

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ አንደኛ ምርጫህን ይሞክርልሃል። ሆስፒታሉም በዝርዝሩ ካስገባህና ቦታ ካለ ለጊዜው ይይዝሃል። በኋላ ቦታው ሞልቶ ካንተ የሚያስበልጡት ሰው ከመጣ ትነሳና ሁለተኛው ጋ ትሞከራለህ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ይመስለዋል፣ ቀድሞ የተቀመጠ የማይነሳበት። እዚህ ግን ሁለተኛው ሆስፒታል አንተን ካስበለጠ፣ ቀድሞ የተያዘው ይነሳልሃል። ስለዚህ ትልቁን በመሞከርህ የምታጣው የለም። የስልቱ መሠረት የሒሳብ ሊቃውንቱ ጌልና ሻፕሊ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ነው፤ ሻፕሊና ኢኮኖሚስቱ አልቪን ሮዝ በ2012 በዚሁ ዘርፍ ሥራቸው የኢኮኖሚክስ ኖቤል ወስደዋል።

ውጤቱ ግን አስገዳጅ ነው፤ ጨርሶ የማትሄድበትን ቦታ አትጻፍ። ልጁ ሦስተኛውን ሊሰርዘው ነው፤ ከተማው ይበርዳል አሉ። የደሴ ልጅ ብርድ ፈራ!