ናይት ራይደር፦ የምትናገረዋን መኪና መልሶ የማስነሳት ሙከራዎች

ናይት ራይደር በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ከሴፕቴምበር 26 ቀን 1982 ጀምሮ እስከ 1986 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአራት ምዕራፍ የታየ ተከታታይ ፊልም ነው። ፈጣሪው ግሌን ላርሰን ነው። ፊቱን በጥይት ተመትቶ ሞቷል የተባለ ፖሊስ በቀዶ ሕክምና አዲስ መልክ፣ ካዳነው ባለጸጋም አዲስ ስም ያገኝና ማይክል ናይት ይሆናል። የሥራ ጓደኛው ኪት የሚባል፣ የሚያስብ፣ የሚናገርና ራሱን የሚነዳ ጥቁር ፖንቲያክ ትራንስ አም (ፋየርበርድ የሚባለው የስፖርት መኪና ዓይነት) ነው። (መኪና በአማርኛ ሴት ናት፤ ኪት ግን ድምፁ የወንድ፣ ጠባዩም የነጭናጫ መምህር ስለሆነ «እሱ» ብንለው ይሻላል።)

ማይክልን የሠራው ዴቪድ ሃሰልሆፍ ነው። የኪትን ድምፅ የሰጠው ዊሊያም ዳንኤልስ ደግሞ ንግግሩን ለብቻው በስቱዲዮ ይቀዳ ነበር፤ በገዛ ጥያቄው ስሙ በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ያ ሁሉ የማይክልና የኪት መነታረክ ታዲያ ሁለቱ ሳይገናኙ የተሠራ ነው። መኪናው ያለ ሹፌር ሲሄድ የሚታየውም እንዲሁ ነው፦ ሹፌሩ የወንበር ልብስ የመሰለ ሽፋን ለብሶ ይቀመጥና ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ወንበር ይመስላል። ኪት ሲዘል ለሚታይበት ትዕይንት መኪናው ከተደበቀ መወጣጫ ላይ በፍጥነት ይለቀቃል። ትራንስ አም ሞተሩ ፊት ስለሆነ አየር ላይ አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል፤ ያን ለማመጣጠን ከኋላ ክብደት ይጫናል። አርፎ ግን በደህና መሄድ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ሲያርፍ የሚታየው ምስል ቶሎ ይቆረጣል።

ፊልሙን መልሶ ለማስነሳት ብዙ ተሞክሯል። የ1991ዱ የቴሌቪዥን ፊልም ሃሰልሆፍንና ዳንኤልስን መልሶ አመጣ፤ ኪት ግን ተበታትኖ ቆይቷል፣ አንጎሉም መጀመሪያ በማይክል አሮጌ ሼቭሮሌ፣ ቀጥሎ በቀይ አዲስ መኪና ውስጥ ተገጠመ። ተመልካቹ የሚያውቀው ጥቁር መኪና የለም ማለት ነው። በ1997 የመጣው 22 ክፍል ተከታታይ አምስት ተናጋሪ ተሽከርካሪዎችን ለአምስት ሰዎች አከፋፈለ፤ አምስት ድምፅ ባለበት ደግሞ አንዱን እንኳ ለመውደድ ጊዜ አይተርፍም። በ2008 የማይክል ልጅ ሹፌር፣ ፎርድ ማስታንግ ሼልቢ መኪና ሆኖ ተመለሰ። የፋየርበርድ ምርት፣ ትራንስ አምን ጨምሮ፣ በ2002 ስለቆመ አዲስ ትራንስ አም ማቅረብ አይቻልም ነበር። የመኪና ማስታወቂያ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በኪት ድምፅ ምርጫ ላይ ታይቷል፦ መጀመሪያ የተመረጠው ዊል አርኔት የፎርድን ተፎካካሪ የጄኔራል ሞተርስን መኪና ያስተዋውቅ ስለነበር ወጣና ቫል ኪልመር ተተካ። ይህኛው ኪት በኮምፒውተር ምስል ወደ ፒክአፕ ሳይቀር ይለወጣል። በመሀል ተዋንያን ተቀንሰው ታሪኩ ወደ አንድ ሰውና አንድ መኪና እንዲመለስ ተሞከረ፤ ሆኖም በ17ኛው ክፍል ቆመ። ያ ቅነሳ ከመጀመሪያው መደረግ የነበረበት ነው።

ከፊልም ሠሪዎቹ ይልቅ የተሳካላቸው በየጋራዣቸው ኪትን የሚሠሩ ወዳጆቹ ናቸው። መነሻው ከ1982 እስከ 1992 የተመረተው ሦስተኛው ትውልድ ፋየርበርድ ነው፤ ለዳሽቦርዱና ለኋላ መብራቱ የ1982 እስከ 1984ቱ ይመረጣል። አፍንጫው በፋይበርግላስ ይቀየራል፤ ክብ መሪው ወጥቶ እንደ አውሮፕላን መሪ ሁለት እጀታ ያለው ይገባል።

ችግር የሚበዛው በኪት አፍንጫ ላይ ያለው ቀዩ መብራት ላይ ነው። ከጥቁር ፕላስቲክ ጀርባ ስምንት ክፍል ተደርድሮ ብርሃኑ ከዳር ዳር ይመላለሳል። በድሮው አምፖል ክሩ በአንዴ ስለማይቀዘቅዝ ብርሃኑ ከኋላው ጭራ ይተዋል። ኤልኢዲ (ክር የሌለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) ግን በቅጽበት ይጠፋል፤ በቀላሉ ከተገጠመ የገና ዛፍ መብራት ይመስላል። መፍትሔው ማደብዘዝ ነው፦ የበራው መቶ በመቶ ሲሆን፣ ተከታዩ 40፣ ቀጥሎ 15፣ ከዚያ 5 በመቶ። ማደብዘዙ የሚሠራው መብራቱን በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ስለሆነ ድግግሞሹ በሰከንድ ከጥቂት መቶ ካነሰ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ኪት ሲናገር ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የንግግሩ ማሳያ ሦስት ዓምድ ነው፤ መካከለኛው ረዘም ይላል፣ ሁሉም ከወገባቸው ወደ ላይና ወደ ታች ይበራሉ። ድምፁ በቀጥታ ከተገናኘ ዓምዶቹ ያብዳሉ፤ ዳዮድና ካፓሲተር በሚባሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አለስልሶ የዓምዶቹን መውረድ ከ30 እስከ 50 ሚሊሰከንድ ማዘግየት ቃላቱን እንዲከተሉ ያደርጋል። ሞተሩ ሲነሳ ኪት የሚያፏጭ ከሆነ ጥፋቱ የዲናሞው ነው፤ የድምፅ ዕቃዎቹን ነጌቲቭ ሽቦ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ማሰር አብዛኛውን ጊዜ ያስቆመዋል። ባትሪው 12 ቮልት ቢባልም ሞተሩ ሲሠራ ከ14 በላይ ስለሚደርስ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቶቹ ያለ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ አይገጠሙም። ቀዩ መብራት ደግሞ ካሊፎርኒያን በመሳሰሉ ግዛቶች ለድንገተኛ አገልግሎት መኪና ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የራሱ ማጥፊያ ይደረግለትና መንገድ ከመግባት በፊት ይጠፋል።